ከጸሎቱ ጎን የሚጮኸው ማሽን

የካቲት 25

ደስ ብሎኛል! ይኸን ለመጻፍ ነው ደብተር ያወጣሁት፤ ሌላው ሌላው ይደርሳል። ትናንት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሽማግሎቹ መጡ፤ ልጄን ዕድላዊትን ለአጵሎስ ጠየቁ። የሽማግሎቹ መሪ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አቶ ጌታነህ! የእኔው አለቃ። አጵሎስን ከልጅነቱ ያሳደገው አጎቱ እሱ ነው። ቢሮ «ይኸ ደብዳቤ ለምን ዘገየ» እያለ የሚያፋጥጠኝ ሰውዬ፣ በእኔው ሳሎን ብድግ ብሎ ቆሞ «እናታችን» አለኝ። እናታችን! ሳቄ አመለጠኝ፤ ዕድላዊት ከጓዳ ሆና ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። ምን ላድርግ፣ ሳቅ ነው።

ባሌ ቢኖር ብዬ ትንሽ አለቀስኩ። ከዚያ ተውኩት። ቀጠሮው ለግንቦት ነው፣ ከፋሲካ በኋላ።

ዛሬ ቢሮ ገብቼ ለሰው ሁሉ ስነግር ዋልኩ። ለጌዲዮንም ነገርኩት፤ የኮምፒውተር ባለሙያችን ነው። እሱ ነገ ወደ ጨንቻ ይወጣል፤ ከሽማግሌው ቃል ሰብሳቢያችን ከጋሽ ኦይታ ጋር ተራራውን እየዞረ የሽማግሎችን ንግግር ሊቀዳ። የእኛ ቢሮ ሥራ ይኸ ነው፤ የጋሞን ንግግር በድምፅ እየቀዳን ለትምህርት ቤት መጻሕፍት እናዘጋጃለን። የተቀዳው ሁሉ የሚቀመጠው አንድ ትልቅ ማሽን ውስጥ ነው፤ ሰርቨር ይሉታል። የክፍሉ ቁልፍ እኔ ጋ ነው። እኔ ጸሐፊም ነኝ ንብረት ክፍልም ነኝ፤ በዚህ ቢሮ ያለ እኔ የሚከፈት በር የለም።

ጌዲዮን ወደ ማሽኑ ወሰደኝና ከፊት ያለች ትንሽ በተን አሳየኝ።

«እትዬ ሻሺቱ፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ ይጮኻል። ያን ጊዜ ይቺን ይጫኑ፣ ዝም ይላል። መብራት ሳይጠፋ ከጮኸ ግን እንዳይነኩት። ለእኔ ይደውሉልኝ።»

«መብራት ሳይጠፋ ምን ሆኖ ይጮኻል? ርቦት?»

ሳቀ። «ውስጡ አምስት ዲስክ አለ። ከጨንቻ በሽተኛ በቃሬዛ ሲወርድ አይተው የለ? እንደዚያ ነው። አንዱ ተሸካሚ ቢወድቅ አራቱ ይዘውት ይሄዳሉ። ግን ይጣራሉ፤ ‹ተኩን› ይላሉ። ሳይተኩ ሁለተኛው ከወደቀ፣ በሽተኛው መሬት ነው።»

እኔን ቃሬዛ ያስተምረኛል! ጨንቻ ተወልጄ! የተሸካሚ ጥሪ ሲሰማ እናቴ እንኳ የያዘችውን ጥላ በር ላይ ትወጣ ነበር፤ ወንድ ሁሉ ከማሳው እየሮጠ ይመጣል። ይኸን ነገርኩትና ቡና ሰዓት ደረሰ።

መጋቢት 2

ችኩል ነኝ፤ የሠርግ አዳራሹ ሰውዬ እየጠበቀኝ ነው።

ዛሬ በቢሮው የጠዋት ጸሎት ላይ የጌዲዮን ማሽን ጮኸ። ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ። በእኛና በእሱ መካከል ያለው የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ነው፤ ጎናችን የተቀመጠ ነው የሚመስለው። ወንድም ጌታነህ እየጸለየ ነበር። (በጸሎት ሰዓት ሁላችንም ወንድምና እህት ነን፤ ከጸሎት በኋላ «አቶ» ይሆናል።) ዓይኑን ሳይገልጥ እጁን ወደ ግድግዳው አወዛወዘ። ትንሽ ቆይቶ ዝም አለ። ዝማሬውን በሰላም ጨረስን።

መብራት አልጠፋም ነበር። ወይም ሌሊት ጠፍቶ ይሆናል፤ ማን ያውቃል።

መጋቢት 5

ዛሬም ጮኸ። ደግሞ ልክ ወንድም ጌታነህ «ጌታ ሆይ» ሲል! ገንዘብ ያዧ ቲጂ «ይኸ ማሽን ጴንጤ አይደለም መሰለኝ» ብላ በጆሮዬ ሹክ አለችኝ፤ ሳቄን ለመያዝ ጉንጬን ነከስኩ። ዝም ሲል ጊዜ ወንድም ጌታነህ ድምፁን ከፍ አድርጎ «የጠላትን ጩኸት ዝም ስላሰኘህልን እናመሰግንሃለን» አለ። አሜን አልን። እኔም ወደ ቦታዬ ተመልሼ አሜን አልኩ። ቲጂ በክርኗ ጎሸም አድርጋኝ፣ «ጌታ ቁልፍ ያዥ አለው» አለችኝ። አፏ እኮ!

ከጸሎት በኋላ አቶ ጌታነህን «ለጌዲዮን ደውለን ብንነግረው ምን ይመስልዎታል?» አልኩት። መጠየቁንስ ጠይቄያለሁ።

«ተራራ ላይ ያለን ሰው ለጢጥ ጢጥ አናስቸግረውም» አለኝ። «ሲመለስ ያየዋል። አንቺ አሁን የሙሽራ እናት ነሽ፤ ስለ ማሽን ምን አሳሰበሽ?»

የሙሽራ እናት! ቀኑን ሙሉ ይቺን እያላመጥኩ ዋልኩ።

መጋቢት 8

እሑድ። የአጵሎስ ቤተሰቦች ምሳ ጠሩን። አሳው ከአባያ በጠዋት የወጣ ነው፤ እንዲያ ያለ አሳ ከበላሁ ቆየሁ። ወንዶቹ በሠርጉ ቀን ዱንጉዛ ይልበሱ ተባለ፤ ያንን ቀይ ቢጫ ጥቁሩን። ዶርዜ ሄዶ ከሸማኔው እጅ የሚያመጣው ማን ነው ሲባል «እኔ!» አልኩ፤ ማንም ሳይጠይቀኝ። ዕድላዊት በመንገድ ላይ «እማዬ፣ እዚያ ቤት እንደ ቢሮሽ አትሳቂ» አለችኝ። እንዴት ነው ቢሮ የምስቀው?

አቶ ጌታነህ በሰው ፊት «ሻሺቱ ባትኖር ቢሮዬ ይዘጋል» አለ። የአጵሎስ እናት ሰማች። እኔ ደግሞ ሴትየዋ መስማቷን አየሁ።

ማሽኑ ካለፈው ጀምሮ አልጮኸም። ድኗል መሰለኝ።

መጋቢት 13

ከባድ ዝናብ። መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ። ሰርቨሩ አልነሣም አለ። የሚከፈት ቅጂ የለም። አቶ ጌታነህ ጌዲዮንን በስልክ ሲጮኽበት ግቢው ሁሉ ሰማ።

ራሴን አሞኛል።

መጋቢት 16

ጌዲዮን መጣ። ከተራራ በቀጥታ፣ ጫማው ጭቃ እንደሆነ። ማሽኑን ከፍቶ ሲያይ አረፈደ። ከዚያ አዳራሽ ሰበሰበን። ሁለት ዲስክ ሞቷል አለን። አንዱ በዝናቡ ቀን፤ ሌላው ግን ቀደም ብሎ፣ መጋቢት መግቢያ ላይ። ያ ከሞተ በኋላ ያሉት አራቱ ብቻቸውን ተሸክመው ቆይተዋል። የፋይሎቹ አቀማመጥ ራሱ ተሰባብሯል፤ ማሽኑ ምን የት እንዳስቀመጠ አያውቅም። መጠባበቂያ ኮፒ የሚያዝበት ሌላው ዲስክ ደግሞ አምና ሞልቶ፣ አዲስ ይገዛ ብሎ ጠይቆ ነበር፤ አልተገዛም። ስለዚህ የዘንድሮው ቅጂ ሁሉ ያለው እዚያ ውስጥ ብቻ ነው።

«የመጀመሪያው ሲሞት መጮኽ ነበረበት» አለ። «ጮኾ ነበር?»

አቶ ጌታነህ «ማሽንህ ምንም ምልክት አልሰጠም» አለ። ቶሎ ነው ያለው።

ጌዲዮን ሁላችንንም በየተራ አየ። ቲጂ ጥፍሯን አየች። እኔ ጋ ሲደርስ «እትዬ?» አለኝ።

«ኧረ እኔ ምንም አልሰማሁም» አልኩ።

አፌ ነው ያለው። ሁሉም እንደዚያ ሲል እኔ ብቻዬን ምን ልበል? ጌዲዮን አየኝና «እሺ» አለ። «እሺ» ብቻ። ከዚያ ዲስኮቹን የሚያስቀምጥበት ካርቶን ፍለጋ ሄደ።

መጋቢት 18

ጋሽ ኦይታ ከጨንቻ ወረዱ። እኚህ ሰውዬ ስንት ዓመት በእግራቸው ዞረው፣ በየደጁ ተቀምጠው፣ ሰውን እያናገሩ ያስቀዱት ነው። ጸጉራቸው እዚሁ ሥራ ላይ ነው የነጣው። ከቀዷቸው ሽማግሎች ዘንድሮ የሞቱ አሉ። እንደገና እንሂድና እንቅዳ አይባል።

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ሰርቨሩ ክፍል በር ላይ ወንበር አስመጥተው፣ ዱላቸውን በጉልበታቸው መሐል አድርገው ተቀመጡ፤ በሽተኛ እንደሚጠብቅ ሰው። ሻይ ወሰድኩላቸው።

«ሻሺ» አሉኝ፣ «ልጅሽ ልታገባ ነው አሉ።»

«አዎ ጋሼ፣ በእግዚአብሔር ፈቃድ።»

«ጎሽ። ደስ ይበልሽ።»

ሻዩ ሳይጠጡት ቀዘቀዘ።

መጋቢት 20

አቶ ጌታነህ ለበላይ ቦርዱ ደብዳቤ አስጻፈኝ። «በባለሙያው ቸልተኝነት ምክንያት» የሚለውን ስጽፍ ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። ቦርዱ ጉዳዩን በኮሚቴ አጣርታችሁ ወስኑ ካለ ጌዲዮን ከሥራ ይወጣል ማለት ነው፤ ያውም ስሙ ጠፍቶ። እንዲያ ተብሎ የወጣን የኮምፒውተር ሰው ማን ይቀጥረዋል? አርባ ምንጭ ትንሽ ናት፤ ላይኛው ሰፈር ሴቻ የተወራው ታችኛው ሲቀላ በባጃጅ ቀድሞህ ይደርሳል። ሚስቱ ቤተል ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት፤ የመጀመሪያቸው ነው።

እኔ ምን አገባኝ፤ እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ የተባልኩትን ነው የጻፍኩት።

መጋቢት 24

ዛሬ ሲጨቃጨቁ ሰማሁ። በሩ ክፍት ነበር እንጂ እኔ ለመስማት አልቆምኩም።

አቶ ጌታነህ፦ «‹ሪፔር› የሚል ነገር አለው አይደል? ተጫነውና ራሱን ጠግኖ ይጨርስ። ቦርዱ በየቀኑ ይደውልብኛል።»

ጌዲዮን፦ «በዚህ ሁኔታ ሪፔር ካልኩት፣ የማያውቀውን ሁሉ ቆሻሻ ነው ብሎ ይጠርገዋል። መጀመሪያ እያንዳንዱን ዲስክ እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ አለብኝ። በሁለተኛ የሞተው ዲስክ ገና ትንፋሽ አለው፤ ቀስ ተብሎ ይነበባል። ከዚያ የምሠራው በግልባጩ ላይ ነው። ዋናውን አልነካም።»

«አንተ ስትገለብጥ እኛ ልናረጅ ነው።»

«ያርጁ፤ ቅጂው ከሚጠፋ።»

በልቤ አጨበጨብኩ። አለቃዬን እንዲያ ሲለው! ከዚያ አጵሎስ ትዝ አለኝና ማጨብጨቡን ተውኩት።

መጋቢት 27

መብራት በመሐል ጠፋ፤ ግልበጣው እንደገና ከመጀመሪያው። ጌዲዮን ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። አልተሳደበም። ቲጂ «አንተ ሰው አይደለህም እንዴ፣ አንዴ ስደብ!» አለችው። ፈገግ አለ።

ከላንቴ ሙዝ አስመጥቼ አንድ ዘለላ ሰጠሁት። ለቤተል ብዬ።

ሚያዝያ 3

ቤተልን ልጠይቅ ሄድኩ። ይሉኝታ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም። እግሯ አብጧል። ጎኗ ቁጭ ብዬ ስለ ዕድላዊት ቬሎ አወራሁ፣ አወራሁ፤ ስለ ምጥ አወራሁ፤ ማውራት ሳቆም ቤቱ ጸጥ ይላል፣ ስለዚህ አላቆምኩም።

በመጨረሻ ቤተል «እትዬ፣ ጌዲ ሁልጊዜ ምን ይላል መሰለዎት» አለችኝ። «‹ተራራ ስወጣ አልሰጋም፤ ቁልፉ እትዬ ሻሺቱ ጋ ነው› ይላል።»

ስመለስ ሲቀላ ገበያ ገብቼ ሽንኩርት ገዛሁ። ሽንኩርቱ ጥሩ አልነበረም፤ ግማሹ የበሰበሰ ነው። ዘንድሮ ሽንኩርት የሚባል ነገር የለም።

ሚያዝያ 8

ተነሣ! ግልባጮቹን ገጣጥሞ አስነሣው! ለካ እኔም እንደ እናቴ ሩጬ በር ላይ መቆም እችላለሁ፤ የያዝኩትን ፋይል ጥዬ ሮጥኩ። ጋሽ ኦይታ ከወንበራቸው ተነሡ።

ግን እንዳሰብነው አይደለም። ጌዲዮን ፍተሻውን አስኪዶ ያገኘውን አሳየን። ድምፁ አለ፤ ስሙ የለም። የማን ንግግር እንደሆነ፣ የት እንደተቀዳ፣ መቼ እንደሆነ የሚለው ሁሉ ጠፍቷል። ማሽኑ ባለቤት ያጣለትን ሁሉ ሰብስቦ አንድ ቦታ ከምሮታል፤ እያንዳንዱ ቁጥር ብቻ ነው። ገበያ ላይ ከእናታቸው የተለዩ ልጆች ይመስላሉ።

«እያዳመጠ ስም የሚሰጥ ሰው ያስፈልጋል» አለ ጌዲዮን። «ጋሞኛ በደንብ የሚሰማ።»

ጋሽ ኦይታ ወደ እኔ አዩ።

ሚያዝያ 12

ሳምንቱን ሙሉ ከጋሽ ኦይታ ጋር ማዳመጫ በጆሯችን። ሠርጉን እንኳ ረሳሁት፤ ዕድላዊት ተቆጣችኝ። ግን እንዴት ደስ ይላል! አንዲት ባልቴት ስለ እንሰት ስትናገር፣ የቆጮው ሽታ መጣብኝ። አንዱ ሽማግሌ ሚስቱ ከኋላ እያረመችው ሲነጫነጭ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ጋሽ ኦይታ «ይኸ እገሌ ነው፤ ይኸ የእገሌ ወንድም ነው» ይላሉ፤ እኔ እጽፋለሁ። ጌዲዮን ደግሞ ቁጥሩን አንሥቶ ስሙን ይተካለታል።

ዛሬ አንዱን ስንከፍት ጩኸት ነው። የሰው ጩኸት፣ ከሩቅ፤ ቀልጠፍ ያለ፣ እያረፈ የሚመለስ። ገና ሳይጨርስ አወቅኩት። የቃሬዛ ጥሪ ነው። ተሸካሚው ሲደክመው የሚጣራው። ሽማግሌው ለቅጂው ብሎ ነው የተጣራው፤ ግን ከኋላ የሰው እግር ሲሮጥ ይሰማል። ሰዎች እውነት መስሏቸው ከየቤታቸው ወጥተዋል!

ጋሽ ኦይታ እየሳቁ እንባቸውን ጠረጉ። «ሰውዬው አሁን የለም» አሉ። «ያን ዕለት ሮጠው የመጡት ተቆጡን፤ በዚህ አይቀለድም አሉን። እውነታቸውን ነው። ይኸን ሰምቶ የሚቀመጥ ሰው በእኛ አገር አላውቅም።»

ጌዲዮን ቁጥሩን እየመታ ነበር። ቀና አላለም።

እኔ ሽንት ቤት ልሂድ ብዬ ወጣሁ።

ሚያዝያ 17

እንደ ሆነው ልጻፈው። ከዚያ አልመለስበትም።

ቦርዱ አጣሩ ስላለ ኮሚቴው፣ እኛው የቢሮው ሰዎች፣ ተሰበሰበ። አቶ ጌታነህ ሪፖርቱን አነበበ፤ ማሽኑ ማስጠንቀቂያ አልሰጠም፣ ባለሙያው ክትትል አላደረገም፣ ወዘተ። ሊፈረም ሲል ጋሽ ኦይታ «በወረቀት አይሆንም» አሉ። «ውጭ እንውጣ። ሣር ላይ ተቀምጠን፣ እንደ ዱቡሻ፣ ሁሉም የሚያውቀውን ይበል።»

ዱቡሻ የእኛ ሽማግሎች ነገር የሚጨርሱበት ሜዳ ነው። እዚያ የተቀመጠ ሰው ያወቀውን ሳይናገር አይነሣም።

አቶ ጌታነህ «ጋሽ ኦይታ፣ እኛ አማኞች ነን፤ ይኸ የድሮ ነገር ነው» አለ።

«እኔም ጸልዬ ነው የመጣሁት፣ ልጄ» አሉት።

ማንጎው ሥር ተቀመጥን። ሣሩ ከዝናቡ እርጥብ ነበር፤ ቀሚሴ ረጠበ። ጋሽ ኦይታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ለሁሉም አንድ ነው፦ «ሲጮኽ ሰማህ? ሰማሽ?»

አቶ ጌታነህ፦ «እኔ በዚያ ሰዓት ጸሎት ላይ ነኝ። የሚጸልይ ሰው ውጭ ያለውን አይሰማም።»

ቲጂ፦ «የእኔ ጠረጴዛ ሩቅ ነው።» የእሷ ጠረጴዛ ከግድግዳው ጋር የተጣበቀ ነው።

ከዚያ እኔ። አቶ ጌታነህ ሣር እየነጨ ነበር፤ ቀና ብሎ አየኝ። ክፉ አስተያየት አይደለም። ያኔ ሳሎኔ ውስጥ «እናታችን» ሲለኝ ያየኝ ዓይን ነው።

«እንግዲህ መብራት ሲጠፋ ሁልጊዜ ይጮኻል» አልኩ። «የለመድነው ነው።»

ውሸት አይደለም። ሲጠፋ ይጮኻል።

«እሱን አልጠየቅሁሽም፣ ሻሺ» አሉ ጋሽ ኦይታ። በጋሞኛ ነው ያሉኝ።

ሌላም ነገር ልል ነበር መሰለኝ። አፌን ከፍቼ እንደነበር ትዝ ይለኛል። ያን ጊዜ ጌዲዮን ተነሥቶ ቆመ። «ይብቃ ጋሼ» አለ። «ማሽኑ በእኔ እጅ ነበር። ሄጄ ሳለሁ ማን ምን ማድረግ እንዳለበት በደንብ ያላስረዳሁት እኔ ነኝ። በእኔ ይሁን።»

ለምን እንዲያ እንዳለ አልገባኝም። በደንብ አስረድቶ ነበር እኮ። ደግ ልጅ ነው፤ ሚስቱም ደግ ናት።

ጋሽ ኦይታ ከሣሩ እስኪነሡ ብዙ ቆዩ። ልደግፋቸው እጄን ብዘረጋ በዱላቸው ተነሡ።

ሚያዝያ 23

ይሰናበት ስለተባለ ጌዲዮን አስረከበ። ለቀሩት ቅጂዎች ስም ሰጥቶ፣ ሁሉን በቦታው መልሶ፣ ሠርቶ ጨርሶ ነው የወጣው። ከሥራ የወጣ ሰው ተቆጥቶ ይተወዋል ብዬ ነበር። ኮፒውን ራሱ በሁለት ዲስክ ይዞ አንዱን ለጋሽ ኦይታ ሰጥቷቸዋል።

ንብረት ክፍል ስለሆንኩ የተረከብኩት እኔ ነኝ። ጠመንጃ የሚያስረክብ ይመስል እያንዳንዱን ሽቦ አሳየኝ። በሞቱት ምትክ የገቡት ዲስኮች አሮጌ ናቸው፤ እሱ አዲስ ይሁኑ ቢልም አቶ ጌታነህ እነዚያን አስገዛ።

«የቀሩት ሦስቱም የሞቱት እኩዮች ናቸው፣ ተራ በተራ ይደክማሉ» አለኝ። «አንድ ሰው ጆሮውን ይስጠው።»

«አይዞህ ጌዲዬ፣ እኔ አለሁ» አልኩት።

ቦርሳውን አንሥቶ «ለዕድላዊት መልካም ጋብቻ» አለኝ። የጥሪ ወረቀት በመሳቢያዬ ውስጥ ነበር፤ ስሙ ተጽፎበት። ላውጣው አላውጣው ስል በር ላይ ደረሰ።

ሚያዝያ 27

ፋሲካ። ሰው ቤቴ ሞልቶ ነበር። ብዙ ሳቅኩ።

ግንቦት 11

ሠርጉ አማረ። አማረ ነው የምለው። ዕድላዊት እንደ ፀሐይ ነበረች፤ አጵሎስ ዱንጉዛውን ለብሶ ሲገባ ሴቱ ሁሉ እልል አለ። መዘምራኑ ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ ዘመሩ። አቶ ጌታነህ ምርቃቱን ሲያደርስ «በዚህች ሴት ታማኝነት ቤታችን ተባርኳል» አለ፤ እኔን ማለቱ ነው። ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ለራሴ ማጨብጨቤን ያየሁት በኋላ ቪዲዮው ላይ ነው።

ጋሽ ኦይታ አልመጡም። በሰው እጅ ጋቢ ላኩ፤ የጨንቻ፣ ጥሩ ጋቢ። ለዕድላዊት ነው። ለእኔ ምንም ቃል አልነበረም። ያመጣውን ልጅ «ሌላ ምንም አላሉህም?» ብዬ ሁለቴ ጠየቅኩት።

ቤቱ ዛሬ ባዶ ነው። የተረፈውን ዳቦ ለጎረቤት አደልኩ። የማወራው ሰው የለም፤ ለዚህ ደብተር አወራለሁ። ከዚህ ሁሉ ወር በኋላ ዞር ብዬ ያለፈውን አነበብኩት። አንድ ቦታ ላይ «ትንሽ ቆይቶ ዝም አለ» ብዬ ጽፌያለሁ። በራሱ ዝም ያለ ያስመስላል።

ግንቦት 19

በጸሎት ላይ ጮኸ። ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ። መብራት አልጠፋም። ሌሊትም አልጠፋ፤ ስነቃ ፍሪጁ ሲሠራ ሰምቻለሁ።

ማንም ዓይኑን አልገለጠም። ወንድም ጌታነህ ድምፁን ከፍ አደረገ። ማሽኑ ግን አልተሸነፈለትም። እጁን ወደ ግድግዳው አወዛወዘ።

ተነሣሁ። እግሬ መንገዱን ያውቀዋል። ከፈትኩና ገባሁ፤ አንደኛው ዲስክ ላይ ቀይ መብራት ይበራል፣ ይጠፋል። እጄ ወደ በተኗ ሄዶ ነበር። መለስኩትና ስልኬን አወጣሁ።

«ማን ልበል?» አለ ጌዲዮን።

ቁጥሬን አጥፍቶታል። ዓመታት በየጠዋቱ የምደውልለት ሰው ማን ልበል አለኝ።

«እኔ ነኝ ጌዲዬ፣ ሻሺቱ ነኝ። እየጮኸ ነው። መብራት አልጠፋም። አልነካሁትም፤ ሙት፣ አልነካሁትም።»

ከኋላው ሕፃን ያለቅሳል። ቤተል ወልዳለች ለካ። ወንድ ይሁን ሴት አላውቅም፤ የነገረኝ ሰው የለም።

«እትዬ» አለኝ፣ በዚያው ትሕትናው። «ያቺን በተን በዚያ ቢሮ ያሳየሁት ለአንድ ሰው ብቻ ነበር።»

ያኔም ያውቅ ነበር። አዳራሹ ውስጥ «እሺ» ያለኝ ዕለት። ማንጎው ሥር ቆሞ በእኔ ይሁን ሲል ያውቅ ነበር።

ይቅርታ ልል ነበር። አፌ እኮ ለሁሉም ነገር ቃል አያጣም፤ ለዚች አጣ። እሱም አልጠበቀኝም። «የት እንዳለች ያውቋታል» አለና ስልኩ ተዘጋ።

ከግድግዳው ማዶ አሜን ሲሉ ሰማሁ። ወጣሁ። በሩን ቆለፍኩ። ቁልፉን ኪሴ ከተትኩና ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ማሽኑ ይጮኻል።

ቲጂ መጣች፤ «ምነው፣ ዛሬ ጌታ ቁልፍ ያዡን አሰናበተ እንዴ?» አለችኝ። አልሳቅኩላትም። ከዚያ አቶ ጌታነህ ራሱ መጣ።

«እህት ሻሺቱ፣ ሰው ሥራ መሥራት አልቻለም። ዝም አሰኚው እንጂ!»

«ቁልፉ ጠፍቶብኛል» አልኩት።

«ጠፍቶብኛል? አሁን ከፍተሽ ገብተሽ አልነበር?»

«አሁን ነው የጠፋብኝ።» የጌዲዮንን ቁጥር በቁራጭ ወረቀት ጽፌ ዘረጋሁለት። «ይኸን ማሽን የሚያውቀው እሱ ነው። አንዱ ተሸካሚ ወድቋል። ይደውሉለትና እርስዎ ይለምኑት።»

ብዙ አየኝ። እናታችን በሚለው ዓይን አይደለም። ወረቀቱን አልተቀበለኝም፤ ጠረጴዛው ላይ ተውኩት፤ ማታ ስወጣም እዚያው ነበር።

ቀኑን ሙሉ ጮኸ። ቲጂ ጆሮዋ ላይ ጥጥ አደረገች። ከዕድላዊት ተደውሎልኛል፤ «እማዬ፣ ቢሮ ምን አድርገሽ ነው? አጵሎስ ፊቱ ጠቁሯል» አለችኝ።

ቁልፉ እዚህ ትራሴ አጠገብ ነው። ነገም በጸሎት ሰዓት ይጮኻል። ያ ወረቀት ከጠረጴዛው እስኪነሣ ድረስ ቁልፉን አላገኘውም።